ባትን የሚይዘው ማን ነው?

ስለ ልብ የሚጻፈው ብዙ ነው። በዚህ መጽሔት ገጾች ላይም ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ ልብ ስብራት ብዙ ቀለም ፈሷል። ስለ ባት ግን የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ዘፋኞቻችን እንኳ ባትን ቢያነሡ ስለ ቁንጅናዋ ነው፤ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ባለቤቷን ከሞቀ እንቅልፉ ቀስቅሳ ስለምታስጮኸው ጩኸት አንድ ቃል አይተነፍሱም። እኛ ግን በደብረ ታቦር ብርድ ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል የምናድር ተማሪዎች ስለ ሆንን ነገሩን በቅርብ እናውቀዋለን። ስለዚህ ፈላስፎች የተዉትን ይህን ጉዳይ አንሥተን ጥቂት ብንጨዋወትበት አንባቢ ቅር እንደማይለው ተስፋ እናደርጋለን።

ምናልባት ያልደረሰበት ሰው ካለ እንዲህ ነው። ሰውዬው በሰላም ተኝቶ ሳለ፣ ወይም በእንቅልፍ ልቡ እግሩን ሊዘረጋ ሲል፣ የባቱ ሥጋ በድንገት ይሸመቀቅና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በእጅ ቢዳስሱት ከቆዳው ሥር ጓል የተቀበረ ይመስላል። እግሩ ወደ ታች ይሾላል፤ ጣቶቹ ይቆለመማሉ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ለታማሚው ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ያህል ይረዝምበታል። በማግሥቱም ባቱ በዱላ የተመታ ይመስል ሲያነክስ ይውላል። በሽታ ነው ተብሎ ሐኪም ዘንድ አያስኬድም፤ ምንም አይደለም ተብሎም አይታለፍም። የቤት መድኃኒት የሚፈለፈለው እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው፤ ለሐኪም በሚያንስ፣ ለዝምታ ግን በሚበዛ።

አማርኛችን ለዚህ ሕመም ቁርጥ ያለ ስም አልሰጠውም። በስም ፈንታ ክስ ያቀርብበታል። «ባቴን ያዘኝ» እንላለን፤ «ጅማቴን ሳበኝ» እንላለን፤ «ሸመቀቀኝ» እንላለን። ሁሉም ግሥ ነው፤ ግሥ ሁሉ ደግሞ ባለቤት አለው፤ የዚህ ግሥ ባለቤት ግን አይታይም። «ጉንፋን ያዘኝ» ሲባል ያዡ ጉንፋን ነው፤ «ፖሊስ ያዘኝ» ሲባል ያዡ ፖሊስ ነው። «ባቴን ያዘኝ» ሲባልስ ያዡ ማን ነው? ሰዋስው የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፍ አይገባውም። እኛ እንደምናስበው የቤት መድኃኒቱ ሁሉ ለዚህ ለጠፋው ባለቤት የተሰጠ ስም ነው። ያዡ ብርድ ነው ያለ ሰው ያሞቃል፤ ያዡ የረጋ ደም ነው ያለ በዋግምት ያስመጥጣል፤ ያዡ ክፉ መንፈስ ነው ያለ ከትራሱ ሥር ብረት ያደርጋል፤ ያዡ የጨው ማነስ ነው ያለ ጨው ያስልሳል።

አያታችን የሚኖሩት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አጠገብ ነው። ከትራስ ሥር ብረት የማድረጉን ነገር አይቀበሉትም፤ ብረት መድኃኒት ቢሆንማ ኖሮ መድፍ በተሠራበት በጋፋት ባቱን የሚይዘው ሰው ባልተገኘ ነበር። ለእሳቸው ያዡ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብርድ ነው። በአያታችን ዘንድ ብርድ የማይሠራው ክፋት የለም፤ ወገብ ይቆርጣል፣ ጥርስ ያወልቃል፣ ፈተናም ያስወድቃል። ልጅ ሳለን ባታችንን ይዞን ስንጮኽ ኩራዙን ሳያበሩ ከመደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ ትእዛዛቸውን ይሰጡ ነበር፤

«ተነሥ ልጄ፤ ባዶ እግርህን መሬቱን ርገጠው። ተረከዝህን እንዳታነሣ! ብርዱን መሬት ይውሰደው።»

ብርድ ያመጣውን ሕመም ከዚያ የበለጠ የቀዘቀዘ መሬት እንዴት አድርጎ እንደሚወስደው ስንጠይቃቸው «የብርድ አገሩ መሬት አይደለም እንዴ? ወደ አገሩ ይገባል» ብለው ይመልሱልናል። እኛም በእበት በተለቀለቀው ወለል ላይ እየተንቀጠቀጥን እንቆማለን፤ ባታችንም ይለቃል። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው አቅልጠው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ያሹናል። ትምህርት ቤት ገብተን ጥቂት ፊደል ስንቆጥር ይህን ነገር የመሃይም ወግ ነው እያልን እንስቅበት ጀመር። እንደዚህ ያለ ሳቅ ያልሳቀ ተማሪ በመካከላችን ብዙ የሚገኝ አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ማደሪያችን እንምጣ። ጉናን የወጣን ዕለት ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ገራም ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሲወጡ ደረት ይፈተናል፤ ሲወርዱ ባት ይፈተናል። ማታ ተመልሰን እንደ ወደቅን ተኛን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ይሆናል፣ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛችን «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ ሌባ የገባ መሰለን። መብራት ስናበራ አንድ እግሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ጥርሱን ነክሶ አየነው፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ዘሎ እንዳይወርድ እግሩ እንቢ ብሎታል፣ ተኝቶ እንዳይቆይ ሕመሙ እንቢ ብሎታል።

ወዲያው የክፍላችን ሕዝብ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ አውራ ጣቱን ሳበው አለ። ሌላው ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት አለ። ሦስተኛው፣ ቆላ አገር ያደገው፣ «ጨው አምጡ፣ የጎደለው ጨው ነው» ብሎ የምግብ ሣጥን መበርበር ጀመረ። አራተኛው ሎሚ ሲል አምስተኛው አቸቶ አለ። የምህንድስናው ተማሪ ማግኒዥየም የሚባል ነገር እንደ ጎደለው በእርግጠኝነት አስረዳ፤ ማግኒዥየም ግን ስላልነበረው ትናንት ከገዛው ሙዝ አንዱን ልጦ ለታማሚው አጎረሰው። ስምንተኛው እስከ መጨረሻው አልነቃም። ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አልፈጀም፤ በዚህም መካከል ባቱ ለቀቀው። ሙዙ በአፉ ውስጥ ነበረ።

በማግሥቱ በምግብ አዳራሹ ወረፋ ላይ የተነገረው ታሪክ አንድ አልነበረም። የምህንድስናው ተማሪ ሙዝ አዳነው ይላል፤ ጣቱን የሳበው እኔ ነኝ ያዳንኩት ይላል፤ ጨው ፈላጊውም ጨዉን ባያገኝ እንኳ አንድ ቅንጣት ምላሱ ላይ ሳትደርስ አልቀረችም እያለ ይከራከራል። ሁሉም በእውነት ያምናሉ፤ ማንም አልዋሸም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነው። በራሱ የሚለቅ ሕመም ሲለቅ በእጅህ የነበረው ነገር ሁሉ መድኃኒት ይሆናል። ሙዝ በአፍህ ከነበረ ሙዝ፣ ብረት ከትራስህ ሥር ከነበረ ብረት። በዓለም ላይ ለባት መያዝ ይህን ያህል ብዙ መድኃኒት የተገኘው መድኃኒቶቹ ብርቱ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሕመሙ ትዕግሥት የሌለው ስለ ሆነ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ ብንል አንባቢ ይታገሠናል። ጋፋትን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚሲዮን ስም የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ያሠሩበት፣ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የፈሰሰበት ስፍራ ነው። መድፉ 70 ኩንታል ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ሲነሡ ይህን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እየወረዱና እየወጡ ወደ መቅደላ ወሰዱት፤ ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። መጻሕፍቱ የመድፉን ክብደት፣ የገደሉን ጥልቀት፣ የንጉሡንም ቁጣ ይነግሩናል። እኛ ግን ጋፋት ላይ በቆምን ቁጥር የምናስበው ሌላ ነገር ነው፤ ያን ገመድ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት የዋለ ሰው ማታ በጭንጫው ላይ ሲተኛ ባቱ ምን አደረገችው? ከጎኑ የተኛው ጓደኛውስ ምን አለው? እኛ አንድ ቀን ጉናን ወጥተን ያን ያህል ጮኸናል። የደከመ ጡንቻ ሌሊት እንደሚሸመቀቅ የታወቀ ነው፤ ያ ሠራዊት በየሌሊቱ ሳይጮኽ አልቀረም ብለን እንገምታለን። ያን ጩኸት የመዘገበ ታሪክ ጸሓፊ ግን አላገኘንም። «መሬቱን ርገጠው» የሚለውም ትእዛዝ ምናልባት በዚያ ሰፈር ውስጥ ተሰምቶ ይሆናል።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንመለስና አንድ በአንድ ባይሆንም ዋና ዋናዎቹን እንመርምር። ጨው የሚለውን ወገን ፈጽሞ ተሳስቷል ልንለው አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በሙቀት የሚሠሩ ሰዎች ላብ እንደ ጎርፍ ይወርዳቸው ነበር፤ በላዩ ላይ ባዶ ውሃ ሲጠጡበት ጡንቻቸው ይሸመቀቅ ነበር፤ ውሃው ላይ ጨው ሲጨመርበት ቀለላቸው። ነገር ግን ይህ የላብ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ታቦር፣ በታኅሣሥ ሌሊት፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በላብ የሚጠመቅ ተማሪ ካለ እሱስ ሌላ በሽታ ይፈለግለት።

አቸቶ ያለው ጓደኛችን ግን ሳያውቀው ወደ አንድ ደግ ነገር ተጠግቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አንድ የአሜሪካኖች ጥናት፣ ተመራማሪዎቹ የወጣቶችን የእግር ጣት ጡንቻ በኤሌክትሪክ እየነዘሩ ሆን ብለው እንዲሸመቀቅ አደረጉ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ውሃ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኪያር የተዘፈዘፈበትን ጨዋማና ኮምጣጣ ውሃ አጠጧቸው። ኮምጣጣውን የጠጡ ጊዜ ቶሎ ለቀቃቸው። የሚያስገርመው ግን የለቀቃቸው ገና የጠጡት ነገር ከሆድ ወደ ደም ሳይገባ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሠራው ጨዉ ሳይሆን ጉሮሮን የቆነጠጠው ኮምጣጤ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጉሮሮ የተነሣ የነርቭ መልእክት የጡንቻውን ነርቭ ዝም አሰኘው ብለው ገመቱ። በጾም ቀን ሰናፍጭ በእንጀራ የቀመሰ ሰው ይህን ግምት ለማመን አይቸገርም፤ ሰናፍጭ አፍንጫን ሲነዝር ባት የሚባል አካል መኖሩም ይረሳል።

ሙዝ ምግብ ነው፤ ይበላ። ማግኒዥየምን በተመለከተ ግን በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ይዘው የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘበትም። በእርጉዝ ሴቶች ላይ የተደረጉት ደግሞ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ዘመናዊ ስም ያለው ነገር ሁሉ ዘመናዊ እውነት አይደለም፤ የምህንድስናው ጓደኛችን ይህን ሲያነብ እንደማይቀየመን እናምናለን፤ ሙዙን በነጻ ሰጥቷልና።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የቋንቋ ተማሪዎችን የሚነካው የኪኒን ነገር ነው። አማርኛ ራስ ምታቱንም የሆድ ትሉንም የሚያድን እንክብል ሁሉ «ኪኒን» ይለዋል። ስሙ የመጣው ግን ከአንድ መድኃኒት ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅል የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ከሚወጣውና የወባ መድኃኒት ከነበረው ከኪኒን። ከእኛ ቁልቁል ወርዶ ፎገራ ሜዳ ለሚኖረው ሰው ወባ የጎረቤት ያህል የታወቀች ስለ ሆነች የዚያ መድኃኒት ስም የመድኃኒት ሁሉ አባት ቢሆን አይደንቅም። ይኸው ኪኒን ታዲያ በባሕር ማዶ አገሮች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሌሊት ባታቸውን ለሚይዛቸው ሽማግሌዎች ይታዘዝ ነበር። እውነትም ጥቂት ይቀንሰዋል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ደምን የሚያረጉትን ቅንጣቶች አጥፍቶ ሰውን ያደማል፤ የልብንም አመታት ያዛባል፤ ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዚህ ሕመም መሸጡን ከለከለ፤ ከዚያም በ2006 ቁጥጥሩን አጠበቀው። ለሁለት ደቂቃ ሕመም ሕይወትን ማስያዝ አይገባም ማለታቸው ነው። ስሙን ለእንክብል ሁሉ ያወረሰው መድኃኒት ለባት አልሆነም።

ታዲያ የሚቀረን ምንድን ነው? የሚቀረን መሬቱ ነው።

ባት ከጉልበት በላይ ጀምሮ ወርዶ በወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ የሚታሰር ጡንቻ ነው። ሥራው ተረከዝን ማንሣት፣ እግርንም ወደ ታች ማሾል ነው። ሰው በጀርባው ተኝቶ ከባድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሲጫነው እግሩ በራሱ ወደ ታች ይሾላል፤ በዚህ ጊዜ ባቱ አጥሮ ተኝቷል ማለት ነው። ያጠረ ጡንቻ ከነርቭ ትንሽ ቀስቃሽ ቢደርሰው ከዚያ በላይ የሚያጥርበት ስፍራ የለውምና ይቆለፋል፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚያዘነብሉበት ማብራሪያ ይህን የመሰለ ነው። መክፈቻውም የታወቀ ነው፤ ጡንቻውን መዘርጋት። ጅማቱ ሲወጠር በውስጡ ያሉት የስሜት ነርቮች ወደ አከርካሪ መልእክት ይልካሉ፤ «በቃ፣ ልቀቅ» የሚል ትእዛዝም ይመለሳል። ሰው ተነሥቶ ባዶ እግሩን መሬት ሲረግጥ፣ ተረከዙንም ሳያነሣ ሲቆም፣ የገዛ ክብደቱ ባቱን ይዘረጋለታል። ስለዚህ የአያታችን መሬት ብርዱን አልወሰደም፤ ተረከዛችንን ያዘ እንጂ። ለእኛ ልማድ ይመስለን የነበረው «ተረከዝህን እንዳታነሣ» የሚለው ቃል የመድኃኒቱ ዋና ፍሬ ነበረ። ምክንያቱ ተረት ነው፤ ትእዛዙ ግን ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ደብዳቤ ጽፎ፣ በግድግዳ ፊት ቆሞ ባትን መዘርጋት ሌሊት የሚመጣውን ሕመም እንደሚያስቀር ተናገረ። በ2012 ደግሞ በሆላንድ አገር ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት የበለጠ 80 ሰዎችን ይዘው፣ ግማሹን ለስድስት ሳምንት ያህል ከመተኛት በፊት ባትና ጭን እንዲዘረጉ ቢያደርጓቸው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ሕመሙ ተቃለለላቸው። ፍርዳችን ለአያታችን ያደላ እንዳይመስል ይህንንም እንናገር፤ በ2005 በእንግሊዝ አገር የወጣ ሌላ ጥናት በመዘርጋት ምንም ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ ከመተኛት በፊት መዘርጋት ያስቀረዋል ወይስ አያስቀረውም በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። ከያዘ በኋላ መዘርጋት እንደሚያስለቅቅ ግን የሚከራከር የለም።

እስካሁን የተጨዋወትነው እንደ ቀልድ ነው። አሁን ግን ቀልድ ያልሆነውን እንናገር፤ ይህንም ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን እሱ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ጋፋት በተመለስን ጊዜ አክስታችን ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ግራ ባቷን አመማት። ሊጠይቋት የመጡት ሴቶች ሁሉ በአንድ ቃል «ባቷን ያዛት፤ አራስን ብርድ ያገኛታል» አሉ። መሬቱን አስረገጧት፤ አልለቀቃትም። ቅቤ አቅልጠው በብርቱ እጅ አሿት፤ አልለቀቃትም። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ዋግምት የሚያደርግ ሰው እንዲጠራ አሳሰቡ፤ ሌላዋ ከጉልበቷ በታች በክር ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር አሉ። ሁሉም የሚወዷት ሰዎች ናቸው። የመጡትም ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ነው።

በዚህ መካከል የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ጋቢውን ገለጠችና ሁለቱን እግር ጎን ለጎን አየች። ግራው ከቀኙ ወፍሮ ነበር። በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው፤ ይሞቃል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። «ከትናንት ወዲያ» አሏት። «ለቀቅ አድርጎ ነበር?» አለች። «ኧረ ለአፍታም!» አሏት። ያን ጊዜ ተነሥታ ቆመችና ወደ አያታችን ዞረች፤

«እማማ፣ ይሄ ባት መያዝ አይደለም። ከእንግዲህ ማንም እንዳያሻት፤ አሁኑኑ ሆስፒታል እንውሰዳት» አለቻቸው።

በሆስፒታሉ እንደ ተነገረን በእግሯ ጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። እንዲህ ያለው የረጋ ደም በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከሌላ ጊዜ ይልቅ ያሠጋል። ከስፍራው ቁራጩ ተነቅሎ በደም ሥር ወደ ሳንባ ከሄደ ሰውን በድንገት ይገድላል፤ በኀይል ማሸትም ሊነቅለው ይችላል። አክስታችን በመርፌና ለወራት በተዋጠ ኪኒን ድናለች፤ ልጇም አድጎ ዛሬ ጥርስ አብቅሏል። ያን ቀን ሠራተኛዋ ባትመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ አንወድም።

ስለዚህ ነገር ከአያታችን ጋር ኋላ ብዙ ተነጋገርን። ማሸት ክፉ ነው አላልናቸውም፤ ውሸት ይሆናልና። ብርድም የለም አላልናቸውም፤ በጋፋት ተቀምጦ ብርድ የለም የሚል ሰው አእምሮው ይጠረጠራል። የተነጋገርነው ስለ «ያዘኝ» ነው። ባት የሚይዘው ነገር ያዝ አድርጎ የሚለቅ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ለዐሥር ደቂቃ። የማይለቅ ከሆነ፣ አንዱ እግር ከሌላው ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ ያዡ ሌላ ነው፤ መሬትም ቅቤም አያውቀውም። ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ካለ ወይም ደረትን ከወጋ ደግሞ የሚያስጠብቅ ነገር የለም። ሕመሙ በየሌሊቱ የሚመላለስበት፣ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ቢናገር ይሻለዋል። አያታችን በጥሞና ሰሙን። ከዚያም «ታዲያ ሁለቱን እግር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነዋ!» አሉ። እኛ ግማሽ ሰዓት የፈጀንበትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። አሁን በመንደሩ ውስጥ ባቷን የያዛት ሴት ስትኖር አያታችን ቅቤው ከመቅለጡ በፊት መብራት አቅርቡ፣ ሁለቱን እግር ግለጡ ይላሉ አሉ።

እንዴት እንደሚዘረጋ ለሚጠይቀን ሰው የምናውቀውን እንናገራለን። ከግድግዳ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቆ መቆም፤ መዳፍን በግድግዳው ላይ ማሳረፍ፤ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሣ፣ ጉልበትም ሳይታጠፍ፣ ባት እስኪወጠር ድረስ ሰውነትን ወደ ግድግዳው ማዘንበል። እስከ ሃያ ወይም ሠላሳ ድረስ ቀስ ብሎ ቆጥሮ መመለስና ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም። የሚያም ከሆነ በዝቷል ማለት ነው። በምንተኛበትም ጊዜ ጋቢው ጣታችንን ወደ ታች እንዳይጫነው ከግርጌ ላላ ማድረግ አይከፋም። በክፍላችን ከበሩ በስተ ግራ ያለው ግድግዳ በመዳፍ ልክ ጠቁሯል፤ የማደሪያው ተቆጣጣሪ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ጠይቀውናል።

ላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ጓደኛችን ግን ሌሊት እስከ ግድግዳው ድረስ መውረድ ስለማይመቸው ከራስጌው ነጠላ አያጣም። ባቱን ሲይዘው ጉልበቱን ዘርግቶ፣ ነጠላውን በእግሩ መዳፍ ላይ አጥልቆ፣ ሁለቱን ጫፍ ወደ ደረቱ ይስባል፤ አሁን አይጮኽም፤ ሲያቃስት ብቻ እንሰማዋለን። ነጠላውን የሸመኑለት እናቱ ናቸው፤ የሰጡት ግን ቤተ ክርስቲያን እንዲስምበት ነበር።